አደን ሐላል ነው፤ የሚታደነው ሲያልቅስ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ከሐራ ቆላ የተነሳ ጥያቄ ነው። ከሐብሩ ተራሮች ሥር ተነስቶ ወደ አፋር በሚዘልቀው ቆላ አደን የቆየ ነገር ነው። ሚዳቋ፣ ድኩላ፣ ሰስና እንሹ የማያውቅ የቆላ ልጅ አልነበረም። ዛሬ ግን «ድኩላው ወዴት ሄደ?» ብለው የሚጠይቁት ከማንም በፊት አደን ያውቁ የነበሩት አባቶች ናቸው። ዱካ ማየት ብርቅ ሆነባቸው። ወጣቱ በበኩሉ «አላህ ሐላል ያደረገውን ማን ይከለክለናል? የአላህ ሲሳይ አያልቅም» ይላል። ሁለቱም ወገን ሙስሊም ነው፤ ሁለቱም በዲኑ ይከራከራል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

አደን በሸሪዓ

አደን በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ 4ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት የተያዘን፣ ስሙ የተወሳበትን ታዳኝ መብላት ፈቅዷል። ነገር ግን ፈቃዱ ከነወሰኑ ነው የመጣው። በዚያው ሱራ ከ94ኛው እስከ 96ኛው አንቀጽ በኢሕራም ላይ ያለ ሰው የየብስ እንስሳ እንዳያድን ተከልክሏል። ሆን ብሎ የገደለም ተመጣጣኝ የቤት እንስሳ ይከፍላል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በሚዳቋ ፍየል እንዲከፈል ፈርደዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ማንም ያላረባት፣ ማንም ያልገዛት የዱር ሚዳቋ በሸሪዓ ዋጋ ተቆረጠላት። ባለቤት የሌለው ሁሉ እንደፈለጉ የሚጠፋ አይደለም ማለት ነው።

ሌላም ወሰን አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐዲይ ኢብኑ ሐቲም (ረ.ዐ.) የአደንን ሥርዓት ሲያስተምሩ፣ ውሻው ከበላለት፣ ከሌላ ውሻ ጋር ከተቀላቀለበት፣ ወይም ተወግቶ ውኃ ውስጥ ወድቆ ሞቶ ካገኘው እንዳይበላ ነግረውታል። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ተወግቶ ደሙ የፈሰሰ እንጂ በድንጋይ ወይም በዱላ ተቀጥቅጦ የሞተ አይበላም። በጥይት የተመታውን በተመለከተ አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማዎች «ጥይት የሚወጋ ስለሆነ ቢስሚላህ ተብሎበት ከተተኮሰ ይበላል» ይላሉ።

ወጥመድስ? ገመድ አንገቱን አንቆ የገደለው እንስሳ በማኢዳህ 3ኛው አንቀጽ ከተከለከሉት አንዱ ነው፤ ታንቆ የሞተ ነውና። ጠዋት ሄዶ ደርቆ ያገኘውን ድኩላ ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚመጣ ሰው ለልጆቹ ጥንብ እያበላ ነው። በሕይወት ከደረሰበትና ካረደው ሌላ ጉዳይ ነው። ወጥመድ ደግሞ አይመርጥም። ያረገዘችውንም፣ የምታጠባውንም፣ ግልገሉንም ይይዛል። ዲኑ የከለከለውና እንስሳውን የሚጨርሰው ነገር እዚህ ላይ ተገናኙ።

ለጨዋታና ለስም መግደልም ከሐላሉ አደን ውጭ ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ወጣቶች ወፍ አስረው ዒላማ ሲለማመዱባት አይተው፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መርገማቸውን ነገሯቸው። ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ድንቢጥንም ሆነ ከዚያ የሚበልጥን ያለ ሐቁ የገደለ ሰው አላህ ዘንድ እንደሚጠየቅበት ተነግሯል። ሐቁም አርዶ መብላት እንጂ ራሱን ቆርጦ መጣል አይደለም።

ለምን አለቀ?

አዳኙን ብትጠይቁት «ከሰል አክሳዩ ጨረሰው» ይላል። ከሰል አክሳዩም «አዳኙ ነው» ይላል። እውነቱ ግን ሁለቱም ጋ ነው።

ድኩላ የጥሻ እንስሳ ነው። እንደ ሜዳ ፍየል በመንጋ ሆኖ ገላጣ ሜዳ ላይ አይውልም። ብዙውን ጊዜ ብቻውን፣ ውኃ አጠገብ ባለ ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። የወንዝ ዳሩ ተመንጥሮ ማሽላ ሲዘራበት፣ ግራሩ ለከሰል ሲቆረጥ መጠለያውን አጣ ማለት ነው። መጠለያ ያጣ ድኩላ ለጥይትም ለውሻም ለጅብም የተጋለጠ ነው።

ርቢውም ቀስ ያለ ነው። ፍየል በ5 ወር ትወልዳለች፤ ብዙ ጊዜም መንታ ትወልዳለች። እንስት ድኩላ ግን 6 ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ግልገሏን ጥሻ ውስጥ ደብቃ ለግጦሽ ትወጣለች፤ እየተመለሰች ታጠባዋለች። ስለዚህ እናቲቱን የገደለ ሰው የገደለው አንድ አይደለም። ጥሻው ውስጥ የቀረው ግልገል በረሃብ ያልቃል፤ አዳኙም አያየውም።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ጥሻ 4 እንስት ድኩላዎች አሉ እንበል። በዓመት 4 ግልገል ወለዱ። ከእነዚህ ሁለቱን ነብርና ቀበሮ፣ በሽታና ድርቅ ወሰዷቸው፤ 2 ቀሩ። አዳኞች በዓመት 3 ቢገድሉ በየዓመቱ አንድ ይጎድላል። በመጀመሪያው ዓመት ማንም አያስተውለውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጥሻው ባዶ ነው። «የአላህ ሲሳይ አያልቅም» የሚለው ወንድማችን እውነቱን ነው፤ የአላህ ካዝና አያልቅም። እኛ በእጃችን የተሰጠን አማና ግን ያልቃል።

ይህ የሐራ ችግር ብቻ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ብቻ የሚገኘው ዋልያ እ.ኤ.አ. በ2015 865 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲቆጠር 306 ብቻ ተገኘ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘንም በ1983 መንግሥት ሲለወጥና ጥበቃው ሲላላ በባሌ ተራሮች ክፉኛ ተገድሏል። ጠባቂ በጠፋበት ወቅት ምን እንደሚደርስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

መከልከል ዲን ውስጥ አለ?

አንዳንዱ «መንግሥት የፈቀደውን እንጂ አላህ የፈቀደውን መተው ነው» ብሎ ያጉረመርማል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲናን ክልል ሐረም አድርገዋል፤ እንስሳው እንዳይታደን፣ ዛፉ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ሒማ፣ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም የተከለለ ግጦሽ አድርገዋል። ዑመርም (ረ.ዐ.) አር-ረበዛን ከልለዋል። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው፣ መሪ ለሕዝብ ጥቅም ሲል የተፈቀደን ነገር በቦታና በጊዜ ሊገድብ ይችላል ብለዋል። በአገራችንም በ1999 የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ሥርዓቱን ጠብቆ የታደነ ሥጋ በዚህ የተነሳ ጥንብ አይሆንም። አዳኙ ግን የወል ሀብት በማጥፋቱና የተከለከለውን በመጣሱ ተጠያቂ ነው።

ክልከላ ለአገራችን ሰውም እንግዳ አይደለም። የመንዝ ጓሳ ሕዝብ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳውን ለ400 ዓመታት ገደማ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ የሚታጨደው ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ብቻ ነበር። በእኛም በወሎ ትልልቆቹ ዛፎች የቀሩት በየመስጊዱና በየመቃብሩ ዙሪያ ነው። ማንም ዘበኛ አላቆመም፤ ክብሩ ጠበቃቸው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወጥመድ የሚያጠምድ ዛሬውኑ ይፍታ። ሁለተኛ፣ በሌሊት በባትሪ ዓይኑን አፍዝዞ፣ በውሻ መንጋ እያሳደዱ መግደል ይቁም። ፈቃድ የሌለው ሰው ጠብመንጃውን ያስቀምጥ፤ ስለ ሕጉ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ግልገል ይዞ ቢመጣ «ጎሽ» አትበሉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ስትርገበገብ አይተው ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዝዘዋል፤ ይህን ንገሩትና ወደ ጥሻው ይመልሰው። አራተኛ፣ የየመስጊዱ ጀመዓ ከቀበሌውና ከሽማግሌው ጋር ተመካክሮ አንድ የወንዝ ዳር ጥሻ ይከልል፤ እንዳይመነጠር፣ እንዳይከሰል፣ እንዳይታደንበት ይስማማ። የከሰሉ ገቢ ለቤቱ ጉርሱ የሆነ ወንድም አለና ጀመዓው እሱንም አይርሳ፤ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ይደግፈው። ሰው ከተከለው ወፍም እንስሳም ሲበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚጻፍለት ተነግሮናል።

ልጆቻችን ድኩላን በስም ብቻ የሚያውቁት እንዳይሆን፣ ዱካ ማንበብ የሚችሉት አባቶች ሳያልፉ ምክራቸውን እንስማ። ማነሱን ቀድመው ያዩት እነሱ ናቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።