ባቡር የተለያቸው የከተማ ጣቢያዎች

በአዲስ አበባ ለገሃር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘ ከፈረንሳይኛ ነው። ላ ጋር ማለት ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ሕዝቡ ቃሉን በአፉ አለዝቦ ለገሃር አለው። ጣቢያው የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓመተ ምሕረት ነው። ከ2009 ዓመተ ምሕረት ወዲህ ግን ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር ነው። ሐዲድ ሲዛወር ሕንፃ አብሮ አይዛወርም፤ እንዲህ ያለው ቤት ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በብዙ አገር ተነሥቷል።

ባላገር እንደሚያውቀው፥ እሳት የማይነድበት ጎጆ ጢስ ስለማያገኘው ክዳኑን ተባይ ይበላዋል። የድንጋይና የብረት ቤትም እንዲሁ ነው፤ የሚያፈሰውን ጣራ የሚያይ ሰው ሲታጣ ብረቱ ይዝጋል፥ እንጨቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ ለአሮጌ ጣቢያ ዘበኛ ማቆም ብቻ አይበቃውም፤ ሥራ ያስፈልገዋል።

ለዚህ ነገር በፓሪስ ከተማ ያለው የኦርሴ ጣቢያ ጥሩ ምስክር ነው። የፓሪሱ ታሪክ ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጣቢያው በ1900 ለተደረገው የዓለም ትርኢት እንዲደርስ፥ ቪክቶር ላሉ በሚባል የሕንፃ ሊቅ ንድፍ በሴን ወንዝ ዳር ተሠራ። ባቡሮቹ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሳቡ ስለ ሆኑ ጢስ አልነበራቸውም፤ ከዚህም የተነሣ ሐዲዱ ከምድር በታች ሊሆን፥ ታላቁም አዳራሽ በመስተዋት ሊከደን ቻለ። የአዳራሹ ርዝመት 138 ሜትር፥ ወርዱ 40፥ ከፍታው 32 ሜትር ነው። በወንዙ ማዶ የሉቭር ቤተ መንግሥት ስላለ፥ በፊቱ የብረት ቤት መቆሙ ነውር እንዳይሆን ብረቱን በውጭ በኩል በድንጋይ ሸፈኑት።

ነገር ግን ባቡሩ እየረዘመ ሄደ፤ የመሳፈሪያው መድረክ አልረዘመም። በ1939 ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱት ባቡሮች ጣቢያውን ተዉት፤ ዕድሜው ገና 40 ዓመት አልሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ያገኘው ሥራ ሁሉ የእንግድነት ሥራ ነው። በ1945 ከጦርነቱ የተመለሱ ምርኮኞች ተቀበሉበት፤ በ1962 ሲኒማ ተነሣበት፤ ቴአትር ታየበት፤ ሐራጅም ተሸጠበት። እነዚህ ሥራዎች ተራ ቢመስሉም ቤቱን ያቆዩት እነርሱ ናቸው ማለት ይቻላል።

አፍርሰው በስፍራው ትልቅ ሆቴል ለመሥራት የታሰበበት ጊዜ ነበረ። በ1971 ግን የከተማው አሮጌ የገበያ አዳራሾች መፍረስ ሲጀምሩ ሕዝቡ እጅግ አዘነ፤ ኀዘኑም ለኦርሴ ጠቀመው። በ1973 ከሚጠበቁ ሕንፃዎች መዝገብ ገባ፤ በታኅሣሥ ወር 1986 የሥዕልና የቅርጽ ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ። የውስጡን አሠራር ያዘጋጀችው ጋኤ አውሌንቲ የምትባል ኢጣሊያዊት ናት። ያስገባችው አዲስ ድንጋይ ከበደ ብለው የነቀፏት አልጠፉም፤ ሆኖም የብረቱ ቅስትና በወርቅ ቀለም ያጌጠው ታላቅ ሰዓት በስፍራቸው ስላሉ፥ የሚገባው ሰው ጣቢያ መሆኑን አይስተውም። ከወለሉ በታችም ዛሬ ባቡር ያልፋል።

በኒው ዮርክ ግን እንዲህ አልሆነም። በ1910 የተከፈተው የፔንሲልቬኒያ ጣቢያ ከ1963 ጀምሮ ፈረሰ። ከተማው የቆዩ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣው በ1965 ነው፤ ለጣቢያው ግን አልደረሰለትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከለገሃር ይልቅ የሚያሳስበው የድሬዳዋ ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓመተ ምሕረት ሲሆን፥ ከተማይቱ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። በዚያ ያለው የጥገና ቤት ብረት መቁረጫና መፍተሊያ መኪናዎች የተሰበሰቡበት ነው። ቤቱን በኖራ መቀባት ይቻላል፤ መኪናውን የሚያናግረው ግን ሽማግሌው ሠራተኛ ነው፤ እርሱ ካለፈ መኪናው የብረት ክምር ይሆናል። ስለዚህ ለዚያ ቤት ከቤተ መዘክርነት ይልቅ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትነት ሳይስማማው አይቀርም። መምህራንም ሽማግሌዎቹን ጠይቀው የየመኪናውን ስም፥ አገልግሎትና አያያዝ በአማርኛ ቢጽፉ፥ ይህ ሥራ ገንዘብ እስኪመደብ ድረስ መቆየት የለበትም።