የግራፊክስ ድራይቨርን በፍሪቢኤስዲ ላይ ማደስ

ድራይቨር የሚባለው ምስልን ወደ ስክሪን በሚልከው የግራፊክስ ካርድና ኮምፒውተሩን በሚያስተዳድረው ሥርዓት መካከል ሆኖ የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ከተጀመረው ዩኒክስ የተወለደውና በ1993 ብቅ ያለው ፍሪቢኤስዲ ይህን ፕሮግራም ከከርነሉ፣ ማለትም ከሥርዓቱ እምብርት፣ ጋር የሚገጥም ሞጁል አድርጎ ይይዘዋል፤ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ካርዶች የሚሆነው ከሊኑክስ የተወሰደ ሲሆን፣ የኤንቪዲያን ግን የሚያዘጋጀው ራሱ ኩባንያው ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሞጁሉ ለአንድ የከርነል ስሪት ተብሎ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከርነሉ ታድሶ ሞጁሉ የቀድሞው ሆኖ ከቀረ ስክሪኑ ሊጨልም፣ አልፎም ማሽኑ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው በዜድኤፍኤስ የፋይል ሥርዓት አማካይነት አስቀድሞ የመመለሻ ቅጂ ያስቀምጣል (ብዙዎች የሚዘሉትና በኋላ የሚቆጫቸው ይህን ነው)፤ ማሽኑ ቢያምፅ ከመነሻው ሜኑ ላይ ያንን ቅጂ መምረጥ ይበቃዋል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮሶዬ የሚኖር ተጠቃሚ ኔትወርክ ቢቆራረጥበት፣ ጎንደር ከተማ ላይ ተመሳሳይ ስሪት ባለው ማሽን የድራይቨሩን ጥቅል ከሚያስፈልጉት ተጓዳኝ ጥቅሎች ጋር አውርዶ በፍላሽ ይዞ በመመለስ ያለ ኢንተርኔት ሊጭነው ይችላል። ከዚያም የሞጁሉን ስም ሥርዓቱ ሲነሳ በሚያነበው የቅንብር ፋይል ውስጥ ያሰፍራል፣ ራሱንም ቪዲዮ በሚባለው የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ያስገባል።