የጀልባው ሞተር አልነሳ ሲል ካንዴላው ምን ይነግረናል?

ጣና ሐይቅ መሃል የጀልባ ሞተር አልነሳ ቢል፣ ማስነሻ ገመዱን ዝም ብሎ መጎተት ክንድ ከማዛል አያልፍም። የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ቤንዚን፣ አየርና የእሳት ብልጭታ። ታዲያ የጎደለው የቱ ነው?

መጀመሪያ ከማጥፊያው ጋር የተያያዘው የደህንነት ገመድ ቦታው ላይ መሆኑን እዩ፤ ከወጣ ብልጭታ የለም። ቀጥሎ የታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳ ክፈቱ፤ ከተዘጋች ቤንዚኑ በቀነሰ ቁጥር የታንኩ ግፊት ይወርድና ቤንዚን ወደ ሞተሩ አይሄድም።

አሁንም እምቢ ካለ ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ። ደረቅ ነው? ቤንዚን አልደረሰውም። ርሷል? ወይ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይ ብልጭታ የለም። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ሳሳ ይላል፤ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ የራሰውን ካንዴላ በደንብ አድርቃችሁ መልሱትና እንደገና ሞክሩ።