ችግሩ ከባለቤቱ ሲመጣ፦ የምህንድስና ተማሪዎችና የቡድን ፕሮጀክት

የጤፍ መውቂያ ማሽን ለመሥራት የሚነሳ የምህንድስና ተማሪ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ላያገኘው ይችላል። 1 ሺህ የጤፍ ፍሬ የአንድ ግራም ሲሶ ገደማ ይመዝናል። ይኸው ቁጥር ያለው የስንዴ ፍሬ ግን ከ30 እስከ 45 ግራም ይደርሳል። በመሆኑም ለስንዴ የተሠራ ማሽን ሳይስተካከል ጤፍ ቢወቃበት ማራገቢያው ፍሬውን ከእብቁ ጋር አብሮ ይበትነዋል። አርሶ አደሩ ይህን ከአውድማው ያውቀዋል፤ ነፋሱ ሲበረታ መንሹን አስቀምጦ እስኪበርድ ይጠብቃል።

በኢንዱስትሪ የሚመራ የቡድን ፕሮጀክት የሚባለው የማስተማር ስልት ተማሪውን እንዲህ ካለው የዕውቀት ባለቤት ጋር ከመመረቁ በፊት ለማገናኘት የተቀየሰ ነው። በክፍል ውስጥ ጥያቄው ከነመረጃው ተሟልቶ ይቀርባል፤ መልሱም መምህሩ ዘንድ አለ። ፋብሪካ ወይም ወርክሾፕ ያመጣው ችግር ግን መረጃው የጎደለ፣ ገንዘቡ የተወሰነ፣ ቀኑም የተቆረጠ ነው። ሥራው ሲያልቅ ተረክቦ የሚጠቀምበት ሰውም ይጠብቃል።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ሃርቪ ማድ ኮሌጅ ይህን አሠራር “ክሊኒክ” በሚል ስያሜ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1963 ነው። ችግሩን የሚያቀርበው ድርጅት ለፕሮጀክቱ ይከፍላል። ከአራት እስከ አምስት ተማሪዎች ያሉት ቡድን በመምህር አማካሪነት የትምህርት ዘመኑን ሙሉ ይሠራበታል፤ ቡድኑን የሚመራው ግን ተማሪ ነው። ድርጅቱም ተጠሪ መድቦ ከቡድኑ ጋር በየጊዜው ይነጋገራል። ክፍያው ቀላል ነገር አይደለም፤ ገንዘብ ያወጣ ሰው ስልክ ያነሳል። በዴንማርክ እ.ኤ.አ በ1974 የተመሠረተው የኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን ከመነሻው በቡድን ፕሮጀክት ላይ ገንብቷል።

በኢትዮጵያ የምህንድስና ትምህርት አምስት ዓመት ይወስዳል፤ ተማሪዎች በአራተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ ወደ ድርጅቶች ይወጣሉ፤ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራሉ። ችግሩ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አለመገናኘታቸው ነው። ተማሪው በልምምድ ቦታው እንደ እንግዳ ከርሞ ይመለሳል፤ የመመረቂያ ርዕሱን ከሌላ ቦታ ይመርጣል፤ ጥናቱም ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመውጫ ፈተና እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው የሚፈተነው በመሆኑ ከሌሎች ጋር ተግባብቶ የመሥራት ችሎታን አይለካም።

የችግር ባለቤት ለመሆን ደግሞ ትልቅ ፋብሪካ መሆን ግድ አይደለም። ወፍጮ ቤት፣ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር፣ የገበሬዎች ዩኒየን ወይም የብየዳ ሥራ ቤት ሊሆን ይችላል። ከእነርሱ የሚጠበቀው የተበላሸውን ማሽን ሳይደብቁ ማሳየት፣ ለተማሪዎቹ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው መመደብና የንድፉ ባለቤትነት የማን እንደሚሆን አስቀድሞ መስማማት ነው። ተማሪን እንደ ነፃ ጉልበት የሚቆጥር ድርጅት ለዚህ አይሆንም።

ቡድኑም ቢሆን ከአንድ ትምህርት ክፍል ብቻ ባይውጣጣ ይመረጣል። የመካኒካል ተማሪው ስለ ከበሮው ፍጥነት ሲያሰላ፣ የሰብሉን እርጥበት የሚያውቅ የግብርና ተማሪ አጠገቡ ቢኖር ብዙ ስህተት ይቀራል። ሁሉም ሊመልሱት የሚገባ አንድ ጥያቄም አለ፦ የማሽኑ ኩሽኔታና ቺንጋ በወረዳው ከተማ ይገኛል ወይ? ታኅሣሥ ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲያስገመግም መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚቆም ማሽን ክምሩን አያድንም።

የትምህርት ካላንደሩም ከእርሻው ወቅት ጋር መታረቅ ይኖርበታል። ጤፍ በአብዛኛው ታጭዶ የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የካቲት ላይ ሥራ ጀምሮ ሰኔ ላይ ማሽኑን የሚያስረክብ ቡድን የሚሞክርበት ነዶ በአውድማው ላይ አያገኝም።