ሃያ ደቂቃው የአንጎል ሳይሆን የአድማስ ልክ ነው

«ባሕረኞች ሃያ ሃያ ደቂቃ እያሸለቡ ውቅያኖስ ያቋርጣሉ፤ እርስዎም በቀን ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ይበቃዎታል» የሚል ምክር በማኅበራዊ ገጾች ይዞራል። ለማጣፈጫ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስም ይጨመርበታል፤ እንዲህ ይተኛ እንደነበር የሚያሳይ አስተማማኝ የዘመኑ ማስረጃ ግን የለም። እሱን ትተን ባሕረኞቹን እንመልከት።

ሃያ ደቂቃው የወጣው ከቀላል ስሌት ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው በሰዓት 6 የባሕር ማይል በምትሄድ ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ላይ ሆኖ ዙሪያውን ቢቃኝና እስከ አድማሱ ድረስ ምንም ባያይ፣ በሰዓት 20 የባሕር ማይል የምትገሰግስ የጭነት መርከብ ግን ከፊት ለፊቱ ብትመጣ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከ8 የባሕር ማይል በላይ ይቀራረባሉ። ከዚያ በላይ የተኛ ሰው ሊገጭ ይችላል። ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብም በቁጥር 5 ማንኛውም ጀልባ ሁልጊዜ ንቁ ጠባቂ እንዲኖረው ያዛል።

ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር እንቅልፉ ይረዝማል። በጥንድ ውድድር አውቶፓይለቱ መሪውን ይይዛል፣ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው አየሩ ከፈቀደለት ሁለት ሦስት ሰዓት ይተኛል። ይህ የደካሞች ስልት አይደለም፤ በ2013ቱ የፋስትኔት ውድድር ፓስካል ሉዋዞንና ልጁ አሌክሲ አሥር ሜትር ገደማ በምትረዝም ጀልባ ከ600 የባሕር ማይል በላይ ተጉዘው፣ እንደ ጀልባው ዓይነት በሚታረመው ሰዓት ሙሉ ቡድን የያዙትን ሁሉ ቀድመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1982 የእንቅልፍ ተመራማሪው አሌክሳንደር ቦርቤሊ እንቅልፍን በሁለት ኃይሎች አስረዳ። አንደኛው ነቅተን በቆየን መጠን የሚጠራቀም ግፊት ነው። አንጎል ኃይል ባቃጠለ ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል እንደ ምድጃ አመድ ይከማቻል፤ የሚጠረገው ስንተኛ ነው። ቡና አመዱን አይጠርግም። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ስለሚይዝ ድካሙ አይሰማንም፤ አዴኖሲኑ ግን እዚያው አለ። ሁለተኛው ኃይል የሰውነት ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ የሰውነት ሙቀትና ንቃት ይዘቅጣሉ። ሁለቱ ኃይሎች የገጠሙበት ተረኛ ቆሞ ያንቀላፋል።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ጣጣ አለ። ከጥልቅ እንቅልፍ በድንገት የተቀሰቀሰ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ሊደነዝዝ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው በማዕበል ሸራ እንዲያወርድ ወደ ጀልባው ፊት መላክ አደጋ ነው። አጭር ሸለብታ ከጥልቁ እንቅልፍ በፊት ስለሚያልቅ ከዚህ ያድናል፤ ግን ለሚገባው ያህል ለተኛ ሰው። እንቅልፍ የጠማው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ጥልቁ ውስጥ ይገባል፣ የሸለብታው ጥቅምም ያኔ ይቀንሳል።

በእርግጥ ሁሉም ነገር አልተቋጨም። ከአዴኖሲን በተጨማሪ ሌሎች ኬሚካሎችም ድርሻ አላቸው፤ የሰዎች የመቋቋም አቅምም ይለያያል። ብቸኛ ባሕረኞችን ያጠናው ክላውዲዮ ስታምፒ አጫጭር እንቅልፍ በችግር ጊዜ እንደሚያገለግል አሳይቷል። ይህ ጥቂት ቀናት ለሚፈጅ ውድድር የሚሆን እንጂ ቢሮ ለሚውል ሰው የኑሮ ሥርዓት አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ የ2003ቱ የቫን ዶንገንና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ለ14 ቀናት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ የተኙ ሰዎች የአእምሮ ብቃታቸው ፈጽሞ ሳይተኙ እስከ ሁለት ሌሊት እንዳሳለፉ ሰዎች ወረደ፤ እነሱ ግን ብዙም አልታወቃቸውም። «ሁለት ሰዓት ተኝቼ ደህና ነኝ» የሚለው ምስክርነት ዋጋ የሚያጣው ለዚህ ነው፤ መስካሪው ራሱን የሚመዝንበት አእምሮ ያው የደከመው ነው። ከባሕረኞቹ የሚቀዳ ነገር ካለ፣ «አሁን አንተ ተኛ፣ እኔ እጠብቃለሁ» የሚል ባልደረባ መያዛቸው ነው።