አክራሪነትን የሚገታው የዑለማው ትምህርት ነው



በሃይማኖት ስም ሁከት በተነሣ ቁጥር በየመሥሪያ ቤታችን የሚሰማው ጥያቄ ፖሊስ ምን አደረገ የሚል ነው። እኔ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የማስተምር፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ክርስቲያን ነኝ። ሆኖም እስላም ወገኖቻችንን በሚመለከተው ነገር፣ አስቀድሞ ዑለማው ምን ይላሉ ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝና አስተያየቴን እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

የወሎን መስጊዶች የሚያውቅ እንደሚመሰክረው፣ አንድ ደረሳ ቁርኣን ካኸተመ በኋላ ፊቅሁን፣ ነሕዉን፣ ተፍሲሩን ከሼኽ ወደ ሼኽ እየተዘዋወረ ብዙ ዓመት ሲቀራ ይኖራል። የእኛ ቆሎ ተማሪ ማለት ነው። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ፣ ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ የሰጡ ታላላቅ ሊቃውንት እንዳሉ፣ ሻፊዒውና ሐነፊው ተለያይተውም ተከባብረው እንደ ኖሩ ያያል። ይህን ያየ ሰው፣ ከእኔ የተለየ ሁሉ ከሃዲ ነው ለማለት አይቸኩልም። በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ የተማረው ግን ይቸኩላል።

ይህንንም የምለው በወሬ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ፣ በስልክ የሚከታተለው ሰባኪ ስለ ከለከለው፣ ክርስቲያን ጎረቤቱ ሲሞቱ ለቅሶ መድረስን ተወ። አባቱ ቢቆጡትም አልሰማም። በሾላ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሼኽ ግን ሳይቆጡ ኪታብ ገለጡለት፤ ነቢዩ የአንድ አይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ከተቀመጡበት መነሣታቸውን፣ ለምን ቢባሉም እርሱም ነፍስ እንደ ነበረ ማስታወሳቸውን አነበቡለት። ልጁ በሣልስቱ ከድንኳኑ ተገኘ። እኔ መቶ ጊዜ ስለ መቻቻል ብሰብከው የእኔ ቃል ማስረጃ አይሆነውም ነበር።

ይህ ሥልጣን ግን ከመንግሥት አይሰጥም። በ2003 ዓ.ም. አክራሪነትን ለመግታት በሚል ከሊባኖስ የመጡ የአሕባሽ መምህራን ሥልጠና እንዲሰጡ ተደርጎ ነበር። የትምህርቱ ታላቅ ሼኽ ዐብዱላህ አል-ሐረሪ፣ በ2000 ዓ.ም. ቤይሩት ላይ ያረፉት፣ የሐረር ተወላጅ ነበሩ፤ በዕውቀታቸው ላይ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን ሥልጠናው ከመንግሥት እጅ መጣ ተብሎ ስለ ታመነ፣ በጥር 2004 ዓ.ም. በአወሊያ ትምህርት ቤት ተቃውሞ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት የተቃዋሚዎቹ ወኪሎች ታሰሩ። በዚህ መካከል ሰላማዊው ሊቅ ከሁለት ወገን ተጠርጣሪ ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2005 ዓ.ም. ደሴ ላይ ሼኽ ኑሩ ይማም ከምሽት ሶላት በኋላ በጥይት ተገደሉ።

በአንጻሩ ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ዑለማው አዲስ አበባ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ተስማሙ፤ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስም ለሊቀ መንበርነት ተመረጡ። ቀጥሎም ምክር ቤታቸው በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። አዋጁ ከስምምነቱ በኋላ መምጣቱን ልብ ይሏል።

ደግሞም አክራሪነት የእስላም ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሚፈለገው የካህናቱ ቃል ነበር።

በየትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ በአማርኛ ተርጉመውት በ1961 ዓ.ም. የታተመው ቁርኣን አንድ ቅጂ እንኳ ቢቀመጥ፣ ልጁ በስልክ የሰማውን ራሱ ሊያመሳክር ይችላል። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ አንባብያን ሆይ፣ ለደረሶቻቸው ማደሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ሊጠይቁ የሚመጡትን ሽማግሌ ሼኽ ነገ ተመለሱ፣ ከነገ ወዲያ ተመለሱ እያላችሁ አታመላልሷቸው።

አንድ መምህር፣ ከየካ