ስለ ላስታ ሕዝብ መሰባሰቢያ ልማዶች፤ ማኅበር፣ ሰንበቴና ቅሬ

የላስታ ደጋ ሕዝብ ቤቱን የሚሠራው ተራርቆ ነው። አንዱ ጎጆ ከኮረብታው አፋፍ ላይ ሲታይ፣ ሁለተኛው ከሸለቆው ማዶ ነው፤ በመካከላቸውም ወደ ተከዜ የሚወርዱ ወንዞችና ገደሎች አሉ። ከላሊበላ ከተማ ወደ ደቡብ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ተጕዞ የሚደረስበት የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያንም የሚገኘው በዚሁ ዓይነት ምድር፣ ከገደል ሥር በተፈጥሮ በተከፈተ ዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከታች በተደረደሩ የድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀምና ለጠበል ይውላል። በሥራ ቀን በዚያ የሚያልፍ እንግዳ በሬውን ከሚጠምድ ገበሬና ከብት ከሚጠብቅ ልጅ በቀር ሌላ ሰው ስለማያይ፣ ይህ ሕዝብ ብቻ ብቻውን የሚኖር ሊመስለው ይችላል።

እንዲህ ያለው አስተያየት የመንገደኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በተለይ በመንዝ ያደረገውን ጥናት መሠረት በማድረግ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ በአማራው ኑሮ ውስጥ ግለኝነት እንደሚያይል ጽፏል። መጽሐፉ ብዙ እውነት የያዘ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ሐሳብ በላስታ ሲመዘን የሚጐድለው ነገር ያለ ይመስለናል። የላስታ ሰው በአንድ መንደር አደባባይ አይሰበሰብም፤ አደባባይም የለውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት በአንድ ጊዜ የሦስት ወይም የአራት ልዩ ልዩ ስብስቦች አባል ነው፤ እያንዳንዱም ስብስብ የራሱ ቀን፣ የራሱ ማዕድና የራሱ ሕግ አለው። ስለዚህ የኅብረቱን ማሰሪያ በቦታ የሚፈልግ ተመራማሪ አያገኘውም፤ በቀን መቍጠሪያው ቢፈልገው ግን ወዲያው ያገኘዋል።

በየወሩ 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ 7 የሥላሴ፣ 12 የሚካኤል፣ 19 የገብርኤል፣ 21 የማርያም፣ 23 የጊዮርጊስ፣ 27 የመድኃኔ ዓለም፣ 29 የበዓለ እግዚአብሔር መታሰቢያ ነው። በእነዚህ ቀኖች፣ በሰንበትም፣ ማረስና ማጨድ አይፈቀድም። ይህን የበዓል ብዛት የልማት ጠንቅ ነው እያሉ የሚነቅፉት ብዙዎች ናቸው። በበዓል የሚከለከለው ግን የእርሻ ሥራ ነው እንጂ ሥራ ሁሉ አይደለም። የተጣሉትን ሽማግሌዎች የሚያስታርቁት፣ የጋብቻ ልመና የሚላከው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ሰው የሚደርሰው በበዓል ቀን ነው። የላሊበላ ታላቅ ገበያ የሚቆመውም ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ቀዳሚት ሰንበት ስለ ሆነች ሞፈርና ቀንበር ያርፋሉ። የሁለቱ መገጣጠም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም፤ ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ ገብስና ማር ጭኖ ለመምጣት የሚችለው በሬው በሚያርፍበት ቀን ነውና። በገበያውም ከሚሸጠውና ከሚገዛው ዕቃ ያላነሰ የሚለዋወጠው ወሬ ነው፤ መርዶ፣ ግብዣና የማኅበር ተራ በዚያ ይነገራሉ።

ከስብስቦቹ ሁሉ ጠባቡና ጥብቁ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞች በአንድ ጻድቅ፣ ሰማዕት ወይም መልአክ ስም ተማምለው በየወሩ በመታሰቢያው ቀን በየተራ በአባሎቹ ቤት ይገናኛሉ። አለቃቸው ሙሴ ይባላል። ባለተራው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ይጠብቃል፤ ካህኑ ጸሎት አድርጎ ዳቦውንና ጽዋውን ይባርካል፤ ከዚያ በኋላ ይበላል፣ ይጠጣል። በመጨረሻም የማኅበሩ ጽዋ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በእልልታና በዝማሬ ታጅቦ፣ ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው ግዴታ ተቀብሏል። በሚመጣው ወር አላዘጋጅም ለማለት የሚችለው ኀዘን ወይም ከባድ ሕመም የደረሰበት እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ሌላው ተራውን ይለውጥለታል። ያለ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል።

አንባቢ ይህን በቍጥር ቢያስበው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥለታል። ዐሥራ ሁለት አባሎች ባሉት ማኅበር አንድ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳል፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ ደግሞ በሰው ቤት ይጋበዛል። ይሁን እንጂ የአባሎቹ ቍጥር ከወሮቹ ቍጥር ጋር እኩል የሆነ እንደ ሆነ፣ የአንዱ ሰው ተራ በየዓመቱ በዚያው ወር ይውላል። ተራው በጥር የሚደርሰው ጎተራው ሞልቶ ሳለ ይደግሳል፤ በሐምሌ የሚደርሰው ግን ያለፈው ዓመት እህል አልቆ፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ሳለ ሊደግስ ነው። ዐሥራ ሦስተኛ አባል የገባ እንደ ሆነ ተራው በየዓመቱ አንድ አንድ ወር እየተሻገረ ስለሚሄድ ጭነቱ ለሁሉም ይዳረሳል። ቍጥሩ ዐሥራ ሁለት በሆነበት ማኅበር ደግሞ በዕጣ ወይም በስምምነት መለዋወጥ ያስፈልጋል። ዐሥራ ሁለትነት በሐዋርያት አምሳል የተወደደ ቍጥር ቢሆንም፣ ብዙ ማኅበሮች ከዚህ የሚበልጡ ወይም የሚያንሱ አባሎች ያሏቸው መሆኑ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

የማኅበሩ ዋና ኀይል ግን ያለው በድግሱ አይደለም። የተቀያየሙ ማኅበርተኞች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ ሊጠጡ አይገባም። ስለዚህ በድንበር ወይም ከብት እርሻ በልቶበት ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ ሰው ቢበዛ አንድ ወር ቢታገሥ ነው፤ የማኅበሩ ቀን ሲደርስ ሙሴውና ካህኑ ነገሩን አንሥተው ይጠይቁታል። አልታረቅም ያለ ከጽዋው ይለያል፤ ከጽዋ የተለየም ሰው ከዕርዳታም ይለያል። ይህ ፍርድ ወታደርና ወኅኒ የሌለው ፍርድ ነው፤ ሆኖም በሸለቆ በተከፋፈለ አገር ወረዳ ድረስ ተጕዞ ከመካሰስ ይልቅ ፈጥኖ የሚደርስ እርሱ ነው። አባል ሲሞትም ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ባለቤቱ ወይም ልጁ ትተካለች፣ ይተካል። ማኅበርተኞቹም በዐርባው ቀን ተዝካር እህልና እንጨት ይዘው ይደርሳሉ። ተዝካር ብዙ ቤት ዕዳ ውስጥ የሚጥል ወጪ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ያለ ማኅበር ቢሆን ኖሮ ዕዳው ምን ያህል በከበደ ነበር ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

በማኅበር ቀን ወደ ደጅ የመጣ ነዳይ አይመለስም። ጌታ ራሱ በድኻ አምሳል ይመጣል የሚል እምነት አለና፣ ያልታወቀው እንግዳ የእግዚአብሔር እንግዳ ይባላል። ይህ እምነት ለመንገደኛውና ለችግረኛው በወሩ ውስጥ የታወቁ የእንጀራ ቀኖችን አስገኝቶለታል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በጽሑፍ የሚነገርለት ሙሴው፣ ካህኑና ባለተራው ነው። ገብሱን አብቅላ ብቅል የምታደርግ፣ ጌሾውን የምትወቅጥ፣ ውሃውን ከምንጭ ወደ ዳገት የምትሸከም ግን የቤቲቱ እመቤት ናት። ጠላው ከጥንስሱ እስኪደርስ ድረስ ቀኖች ይፈጃል። አባልነቱ በባል ስም ቢጠራም ማኅበሩ የቆመው በሚስት ድካም ነው። ሴቶች ለብቻቸው የሚጠጡት ማኅበርም አለ፤ በብዛት በማርያም ስም፣ በ21 ይውላል። በዚያም የወሊድ፣ የልጅ ሕመምና የትዳር ጉዳይ ይመከራል።

ሰንበቴ ከማኅበር የሚለየው በስፋቱ ነው። የአጥቢያው ምእመናን በሙሉ ሊገቡበት ይችላሉ፤ ቦታውም የሰው ቤት ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ የሚሠራው የሰንበቴ ቤት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለተራዎቹ ያመጡት እንጀራ፣ ዳቦና ጠላ ተባርኮ ለካህናቱ፣ ለነዳያንና ለአባሎቹ ይታደላል። ቤቶች በተራራቁበት አገር የሁሉም የሆነ ጣሪያ ይኸው ብቻ ስለ ሆነ፣ መንገድ መጠገን ወይም የቤተ ክርስቲያን ክዳን ማደስ ባስፈለገ ጊዜ የሚመከረው በዚያ ነው።

ቅሬ በወሎ የሚሰማ ስም ሲሆን፣ በሌላው አገር ዕድር ከሚባለው ጋር ሥራው ይመሳሰላል። ሰው ሲሞት ከከፍታ ላይ ጥሪ ይሰማል፤ እያንዳንዱ ቤት ሰው ይልካል፤ መቃብር ይቆፈራል፣ ቃሬዛ ይነሣል፣ እንጨትና ውሃ ይቀርባል። በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት ቦታ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ማኅበር በእምነት፣ ሰንበቴ በአጥቢያ፣ ቅሬ ግን በጉርብትና የተመሠረተ መሆኑን ልብ ይሏል። የሥራ ኅብረትም በሁለት ይከፈላል፤ በወንፈል የተሠራ ቀን በቀን ይመለሳል፣ በደቦ ግን ባለ እርሻው ለጠሩት ሰዎች አብልቶና አጠጥቶ ያሰናብታል።

እነዚህ ትንንሽ ክበቦች በአንድነት የሚገለጹት በታላላቅ በዓላት ነው። የነአኩቶ ለአብ በዓል ኅዳር 3 ቀን ነው፤ የስሙም ትርጕም «አብን እናመስግን» ማለት ነው። ነአኩቶ ለአብ ከዛጕዬ ነገሥታት አንዱ ሲሆን፣ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ እንደ ነበረ ይነገራል። በዓሉ የሚውለው ዝናብ አቁሞ፣ መንገድ ደርቆ፣ የደጋው ገብስ መድረስ በጀመረበት ወር ነው። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ የሚከበረው ልደት ነው፤ በዚያው ዕለት የንጉሡም ልደት ይታሰባል። በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከዐለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ሆነው የሚያቀርቡት የቤዛ ኵሉ ሥርዓት በብዙዎች ተጽፎለታል። ስለ ሥርዓቱ ውበት ብዙ ሲባል፣ ስለ እንግዳ አቀባበሉ የተባለው ግን ጥቂት ነው። ብዙ ቀን በእግር ተጕዘው የሚመጡ ምእመናንን የአገሩ ሰው ወጥቶ ይቀበላል፤ እግራቸውን ያጥባል፣ ያበላል፣ ያሳድራል። ይህን ያህል ሕዝብ ለማስተናገድ አንድ ቤት አይችልም። በየወሩ በተራ መደገስን የለመደ፣ ማን ጋን እንዳለው፣ የማን ቤት ሰፊ እንደ ሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ ግን ያለ ብዙ ጭንቅ ያደርገዋል። የዓመቱ ማኅበር ለልደቱ ልምምድ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

የልጃገረዶች በዓል ለብቻው ነው። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ቀን ሲፈታ፣ ልጃገረዶቹ አሸንድዬ የተባለውን ቄጠማ መሰል ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ጠጕራቸውን ተሠርተው፣ ዐይናቸውን ተኵለው፣ ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ፤ አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ወደ የቤቱ ይሄዳሉ። ይኸው በዓል በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። በሌላው ጊዜ ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ካልሆነ በቀር ከቤት የማትርቅ ልጅ በእነዚህ ቀኖች ከባልንጀሮቿ ጋር ማዶ ለማዶ ትዘዋወራለች፤ የምትወደውን ታወድሳለች፣ ንፉጉን በዘፈን ትሸነቍጣለች፤ የሚቆጣትም የለም። ዛሬ በዓሉ በከተማ መድረክ ላይ፣ በባለሥልጣኖች ፊት ጭምር ይታያል። መታወቁ መልካም ነው፤ ሆኖም መድረክ ላይ የወጣችው ልጅ የንፉጉን ደጅ የማንኳኳት ሥልጣኗን ይዛ መውጣቷ ያጠራጥራል።

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ወዲህ፣ በተለይም ሆቴሎች በበዙበት ዘመን፣ የከተማው ኑሮ ወደ ጎብኚው ገንዘብ አዘነበለ። ማኅበሩም አብሮ ተለወጠ። ደመወዝተኛው ለመታሰቢያው ቀን ፈቃድ ስለማያገኝ፣ አንዳንዱ ማኅበር ወደ ተከታዩ እሑድ ተሸጋገረ፤ በገብስ ፋንታ ብር የሚዋጣበትም አለ። ዕቁብ ተጨመረ። ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ልማዱ እየላላ ነው ብለው ነበር።

ከዚያም በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የጎብኚ መንገድ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደርሶ ላሊበላ በትግራይ ኀይሎች እጅ ወደቀች፤ በመጨረሻ የተለቀቀችው በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። ባንክ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ በቆየባቸው ወሮች በዕቁብ የተጠራቀመ ብርም ሆነ ደመወዝ የሚያስገኘው እህል አልነበረም። የገጠሩ ዘመድና ማኅበርተኛ ግን በጎተራው ጥቂት ገብስ ነበረው። በክፉ ቀን ከማዕዱ አስቀድሞ የሚቀረው ጠላው ነው፤ እህል ለመጠጥ ማዋል ነውር ይሆናልና። ያን ጊዜ ማኅበርተኛው ባዶ እጁን አይቀርም፤ ቆሎና ውሃ አቅርቦ ጸሎቱን ያስደርሳል፣ ጽዋውንም ባዶውን በጨርቅ ሸፍኖ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ተራው አልተቋረጠም ማለት ነው።